ፒያሳ ፀዳች፣ ሰዎቹስ? የአንድ ሰፈር የጎዳና ተዳዳሪዎችና የፀጥታ ጉዳይ

"ፒያሳ እኮ ፀዳች" ሲባል ያልሰማ አዲስ አበቤ ያለ አይመስለኝም። ታክሲ ውስጥ ይወራል፣ ለቅሶ ቤት ይወራል፣ ከውጪ ለእረፍት የመጣ ዘመድም ቀድሞ የሚያነሳው እሱን ነው። ውሸት አይደለም። ከጊዮርጊስ ተነስታችሁ በዓድዋ ሙዚየም በኩል ወደ ራስ መኮንን ድልድይ ማታ 3 ሰዓት ላይ በእግር ብትወርዱ መንገዱ ሰፊ ነው፣ መብራት አለ፣ ካሜራ አለ፣ ልጆች ፎቶ ይነሳሉ፣ ድሮ ቦርሳችንን ደረታችን ላይ አቅፈን በጥድፊያ የምናልፈው ቦታ ላይ ሰው ቁጭ ብሎ ይጫወታል። ግን በረንዳው ላይ ካርቶን አንጥፈው ያድሩ የነበሩት ሰዎች የት ገቡ? ቤት ነው የገቡት ወይስ ሌላ ሰፈር? እዚጋ ለማየት የምሞክረው ይሄን ነው፣ በተለይ ከ2009 ወዲህ ከተማው ምን ምን ሞከረ፣ የቱ ሰራ፣ የቱ ደሞ ሰውን ከአንዱ መንገድ አንስቶ ሌላው መንገድ ላይ አስቀመጠ። ሀሳቤን ከአሁኑ ልናገር፣ መብራቱና መንገዱ ሰፈሩን እውነትም አረጋግቶታል፣ የጎዳናውን ጉዳይ ግን አልነካውም። የጎዳናው ጉዳይ ትንሽም ቢሆን ፈቀቅ ያለው ሰው ስሙ ተመዝግቦ ምግብ፣ ማደሪያና ስራ በአንድ ላይ ሲያገኝ ብቻ ነው።

ፒያሳ ለምን የጎዳና ሰው ማደሪያ ሆነች ካላችሁ መልሱ ያለው ሰፈሩ አሰራር ላይ ነው። ድሮ አርመኖች፣ ግሪኮች፣ ህንዶችና ጣልያኖች የሰሯቸው ህንፃዎች በረንዳ አላቸው፣ ሱቁ ማታ ሲዘጋ በረንዳው ባዶ ይሆናል፣ ዝናብ አያስገባም፣ የሱቁ ዘበኛም አጠገብ ስላለ ብቻህን አይደለህም። ሐምሌና ነሐሴ ላይ የአዲስ አበባ ሌሊት ምን እንደሚመስል የሚያውቅ ያውቃል፣ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ሆነህ እርጥብ ካርቶን ላይ ማደር ጨዋታ አይደለም። ከዛ ጊዮርጊስ አለ፣ ወር በገባ በ23 በሩ ላይ የሚሰለፈው ሰው ብዛት ሰፈሩን ሁሉ ይሞላዋል፣ በ12 ሚካኤል በ21 ማርያም እያለ የሚዞረው ለማኝ ሁሉ የዛን ቀን ፒያሳ ነው። በኒ መስጊድ አለ፣ አርብ አርብና በረመዳን ሰደቃ አይጠፋም። ኬክ ቤቱ፣ ምግብ ቤቱ ማታ ቡሌ፣ ማለትም የተረፈ ምግብ፣ ያወጣል። ዶሮ ማነቂያ የሚባለው የፒያሳ ሰፈር ሌሊቱን ሙሉ ሰው ነበረው፣ ሰው ባለበት ደሞ ሳንቲም አለ፣ መኪና ጠብቅልኝ የሚል አለ፣ ታክሲ ጥራልኝ የሚል አለ። ከክፍለሀገር መጥቶ አውቶብስ ተራ የወረደ ዘመድ የሌለው ሰው ደሞ ዝም ብሎ ሽቅብ ቢሄድ የሚደርሰው ፒያሳ ነው።

ከሁሉም በላይ ግን አትክልት ተራ ነበር። ይሄን ነገር ሰው ሲረሳው ይገርመኛል፣ ምክንያቱም የፒያሳ ጎዳና ተዳዳሪ ኑሮ ግማሹ እዛ ነው የነበረው። ሽንኩርትና ቲማቲም የጫነ አይሱዙ ሌሊት ይገባል፣ የሚያወርድ ጉልበት ይፈለጋል፣ መታወቂያ አምጣ የሚል የለም፣ ዋስ አምጣ የሚል የለም፣ ንጋት ላይ ብርህን ትቀበላለህ፣ የተበላሸውንና የተረፈውን ለቅመህ ትሸጣለህ ወይ ትበላለህ። በሱ ብር ማታ አልጋ ቤት ገብቶ የሚያድር ነበር፣ ብር ያጠረው ቀን በረንዳ፣ ያገኘ ቀን አልጋ፣ እንዲህ እያለ የሚኖር ብዙ ሰው ነው የነበረው። በ2012 ኮቪድ ሲመጣ ገበያው መጨናነቅን ለመቀነስ ተብሎ ወደ ጃንሜዳ ሄደ፣ ከዛ ወደ ሃይሌ ጋርመንት አካባቢ ተዛወረ፣ አልተመለሰም። ለትራፊኩና ለንፅህናው ጥሩ ነበር፣ እውነቴን ነው፣ ክረምት ላይ አትክልት ተራ ጭቃው ውስጥ የገባ ሰው ይመስክር። ግን ስራው ሲሄድ ሰራተኛው ሁሉ አብሮ አልሄደም፣ ለሀይሌ ጋርመንት ትራንስፖርት የሌለው እዚሁ ቀረ፣ በጉልበቱ የሚበላ የነበረው ወደ ልመናና ወደ ፓርኪንግ ዞረ። ስራ ከሰፈር ሲወጣ ጎዳናው ላይ ምን እንደሚከተል ቀድሞ ያሰበ አካል ነበር ብዬ አላምንም።

ጎዳና ተዳዳሪ ስንል አንድ አይነት ሰው እናስባለን፣ ማስቲሽ የሚስብ ልጅ። ልጆቹ አሉ፣ ግን እነሱ አንድ ክፍል ናቸው። ከደቡብም ከሰሜንም ሊስትሮ ልስራ፣ ሎተሪ ላዙር ብለው መጥተው ያልሆነላቸው ልጆች አሉ። ቤት ሰራተኛ ሆና ገብታ ሳትከፈላት ወይ ተደፍራ የወጣች፣ አንዳንዴም አርግዛ የወጣች ሴት አለች፣ ልጅ ታቅፋ መንገድ ዳር የምናያት እናት ታሪኳ ብዙ ጊዜ ከዚህ ይጀምራል። እንጦጦ ፀበል ለመጠመቅ የመጣ፣ ጥቁር አንበሳ ሪፈር ተፅፎለት መጥቶ ቀጠሮው ስድስት ወር ሲሆን ብሩ ያለቀበት አለ። ከሳውዲ ተጠርዞ የመጣ፣ ባዶ እጄን ሀገሬ አልገባም ያለ አለ። ከ2013 ወዲህ ደሞ ጦርነት ያፈናቀለው ተጨመረበት። አብዛኛው ሰው የማያውቀውን ልጨምር፣ በፈረንጆቹ 2014 የታተመ አንድ ጥናት አዲስ አበባ ላይ 217 ጎዳና የሚኖሩ አዋቂዎችን መርምሮ ከ10ሩ ዘጠኙ የሆነ አይነት የአእምሮ ወይም የአልኮል ችግር እንዳለባቸው፣ ከ10ሩ አራቱ ገደማ ደሞ ሳይኮሲስ የሚባለው ከባዱ ህመም እንዳለባቸው አግኝቷል፣ ህክምና ያገኙት ግን ጥቂቶች ነበሩ። ብቻውን እያወራ የሚሄደውን ሰውዬ "እብድ ነው ተወው" ብለን የምናልፈው አማኑኤል ሆስፒታል የሚወስደው ሰው፣ ከወጣ በኋላም መድሀኒቱን ዋጥክ ወይ የሚለው ሰው የሌለው በሽተኛ ነው። እንዲህ አይነቱን ሰው ስልጠና ሰጥተን ብድር ብንሰጠው ብሎ ነገር አይሰራም።

አሁን ወደ ፀጥታው ልምጣ፣ የሰፈሩ ሰው ምሬት ውሸት ነው ማለቴ አይደለምና። ማታ ከስራ የምትመለስ ሴት ከቸርችል ሽቅብ ስትወጣ የምትፈራው ነገር ነበር፣ ሞባይል ይነጠቃል፣ የጆሮ ጌጥ ይነጠቃል፣ ሀጂ ተራ ሄደህ ብትፈልገው ስልክህ ተፈቶ ስፔር ሆኗል። ባለሱቁ ጠዋት መጥቶ በሩ ላይ ሽንት ያገኛል፣ በዛ አካባቢ በቂ የህዝብ መፀዳጃ ቤት እንዳልነበር ደሞ ማንም አያነሳም። ግን ሁለት ነገር ተቀላቅሏል። የሚነጥቀው በአብዛኛው በቡድን የሚሰራ፣ ማምለጫ ያለው፣ የሚቀበለው ሰው ያለው ነው፣ በረንዳ ላይ ተጠቅልሎ የተኛ ሰው አይደለም። እሱማ የመጀመሪያ ተጠቂ ነው። የለመናትን ብር ማታ የሚቀማ አለ፣ ጫማውን ከእግሩ የሚያወልቅ አለ፣ ጎዳና የምታድር ሴት ላይ የሚደርሰውን ፆታዊ ጥቃትማ እሷ ራሷ ፖሊስ ጋ ሄዳ የምትናገረው አይደለም፣ ብትሄድ አድራሻሽ የት ነው ነው የምትባለው። የሚገርመው ብዙ ባለሱቅ ይሄን ልዩነት አሳምሮ ያውቃል፣ በረንዳው ላይ ለዓመታት ያደረውን ሰውዬ በስሙ ይጠራዋል፣ ዕቃ ያስጠብቀዋል፣ ለበአል ዶሮ ወጥ ያወጣለታል፣ ከዛ ስብሰባ ላይ ግን "ጎዳና ተዳዳሪዎች ይነሱልን" ይላል።

ህጉም ቢሆን ይሄን ልዩነት አላጠራውም። የአደገኛ ቦዘኔነት መቆጣጠሪያ አዋጅ ቁጥር 384/1996 የሚባል አለ፣ ስራ ሳይኖረው መተዳደሪያው የማይታወቅ ሆኖ የሰውን ሰላም የሚነሳ ሰው ላይ ያነጣጠረ ነው፣ ዋስትና ሳይቀር የሚከለክል ነው። ሲነበብ ስለ አስቸጋሪ ወንበዴ ይመስላል፣ መንገድ ላይ ሲወርድ ግን መተዳደሪያው የማይታወቅ የሚለው ማንን እንደሚመስል ግልፅ ነው። ድህነትና ወንጀል በአንድ ስም ከተጠራ ፖሊሱም ደንብ አስከባሪውም በአንድ እጅ ነው የሚይዘው። በኔ እይታ የፒያሳ የፀጥታ ስራ ለረጅም ጊዜ የተበላሸው እዚህ ጋ ነው፣ ነጣቂውን የሚያሳየው ሰው ሌሊቱን ሙሉ መንገዱ ላይ ያለው በረንዳ አዳሪው ነበር፣ እሱ ደሞ ፖሊስ ሲያይ ይሮጣል እንጂ አያወራም።

አፈሳ የሚባለው ነገር አዲስ አይደለም። የአፍሪካ ኅብረት ጉባኤ ሲቃረብ ወይ ትልቅ እንግዳ ሲመጣ ሌሊት መኪና ይመጣል፣ ከመንገድ ላይ ይጫናል፣ ከከተማ ወጣ ተደርጎ ይወርዳል ወይ ማቆያ ይገባል፣ ከዛ ከሳምንታት በኋላ ሰውዬው በእግሩ ተመልሶ ይመጣል፣ የማይመለሰው ብርድልብሱና ያጠራቀማት ብር ናት። በ2015 ማብቂያ ላይ የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን (ኢሰመኮ) በሸገር ከተማ ሲዳማ አዋሽ በሚባል አካባቢ ስላለ ጊዜያዊ ማቆያና ከአዲስ አበባ ጎዳና ጭምር ተይዘው እዛ ስለገቡ ሰዎች አያያዝ ስጋቱን በይፋ አውጥቷል፣ ስለዚ ይሄ የሰፈር ወሬ ብቻ አይደለም። አፈሳውን የሚደግፉ ሰዎችን እረዳቸዋለሁ፣ መንገዱ በማግስቱ ንፁህ ነው፣ ይታያል፣ ፎቶ ይነሳል። የማይታየው ጉዳት ግን ይሄ ነው፣ አንድ ሶሻል ወርከር ስንት ወር ለፍቶ እምነቱን ያገኘው ጎረምሳ፣ ስሙን የነገረው፣ እናቱ የት እንዳለች የነገረው ልጅ፣ ከአፈሳ በኋላ ሲመለስ ማንንም አያምንም፣ ዩኒፎርም ያለውንም ባጅ ያንጠለጠለውንም አንድ ያደርጋቸዋል፣ ስራው ከዜሮ ይጀመራል።

ከአፈሳ ውጪ ከተማው ምን አደረገ ካልን ዝርዝሩ ቀላል አይደለም፣ ፍትሀዊ እንሁን። መጀመሪያ ወጣቶቹን ከከተማ አርቆ ማሰልጠን ነበር፣ ኤልሻዳይ የሚባለው ድርጅት ከመንግስት ጋር ሆኖ ከጎዳና የተነሱትን አፋር አሚባራ ወስዶ ሙያ ያስተማረበት ጊዜ ነበር፣ ኮንስትራክሽን፣ ብረታብረት ምናምን። ያ ጊዜ ኮንስትራክሽን የሞቀበት ስለነበር ስራ የያዙ ልጆች እንዳሉ አውቃለሁ፣ ሲመለሱ ማደሪያ ያጡት ደሞ ከሰርተፊኬታቸው ጋር በረንዳ ተመለሱ። በ2011 ታከለ ኡማ ምክትል ከንቲባ በነበሩ ሰዓት ማኅበራዊ ትረስት ፈንድ ተቋቋመ፣ ያኔ ከባለስልጣናቱ አፍ ሲሰማ የነበረው የከተማው የጎዳና ተዳዳሪ ቁጥር 50 ሺህ ገደማ ነበር፣ ባለሀብቱም አርቲስቱም ገንዘብ አዋጣ፣ ሞቅ አለ፣ ልጆች ተነሱ፣ ማእከል ገቡ። ከዛ ወሬው ቀዘቀዘ።

ከዚህ ሁሉ ግን ክብደት ያለው የከተማ ሴፍቲኔቱ፣ ድሃ ቤተሰብ የአካባቢ ስራ እየሰራ ብር የሚያገኝበት ፕሮግራም፣ ነው። በ2009 በ11 ከተሞች ሲጀምር 604 ሺህ ሰው ይዞ ነው፣ አብዛኛው ከአዲስ አበባ፣ ብሩ ከዓለም ባንክ 300 ሚሊየን ዶላር ሲሆን መንግስት 150 ሚሊየን ጨምሮበታል፣ ቀጣዩ ዙር ደሞ ወደ 83 ከተማ ሰፍቷል። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ አረንጓዴ ወይ ብርቱካን ለብሰው መንገድ የሚጠርጉትን እናቶች አይታችሁ ይሆናል፣ ብዙዎቹ የሱ ተጠቃሚ ናቸው ወይ ነበሩ። ከሚከፈላቸው 20 በመቶው በግድ ይቆጠባል፣ ሲመረቁ ያ ቁጠባ ከመነሻ ገንዘብ ጋር ተደምሮ እንጀራ መጋገሪያ፣ ጉሊት፣ ልብስ ስፌት ሆኗል። አራዳ ውስጥ አንድ ክፍል የቀበሌ ቤት ውስጥ ስድስት ሆነው የሚኖሩ ቤተሰቦችን ጎዳና ከመውጣት ያዳነ ነገር ቢኖር ይሄ ነው፣ ይሄን አፌን ሞልቼ ነው የምናገረው። ጎዳና የወጣውን ለማንሳት የተመደበው ክፍል ግን ከጠቅላላው ትንሽ ቁራሽ ነበር፣ ሰውን ማእከል አስገብቶ ለተወሰኑ ወራት አክሞ፣ አማክሮ፣ አሰልጥኖ ወይ ከቤተሰብ ማቀላቀል ወይ ስራ ማስያዝ ነው አካሄዱ፣ ወረቀት ላይ ሲታይ የሚነቀፍ ነገር የለውም።

መሬት ላይ ሲወርድ ትልቁ ማነቆ ብር አይመስለኝም፣ ወረቀት ነው። ሴፍቲኔት ለመግባት የወረዳው ነዋሪ መሆን አለብህ፣ ነዋሪ ለመሆን የነዋሪነት መታወቂያ፣ ለመታወቂያው የቤት ቁጥርና ከመጣህበት ቀበሌ መሸኛ። በ14 ዓመቱ ከቤቱ ጠፍቶ የመጣ ልጅ መሸኛውን ከየት ያመጣል? ከአሰሪዋ ቤት ሌሊት ያመለጠች ሴት ለመሸኛ ብላ ደሴ ትመለስ? ብትመለስስ ትራንስፖርቱን ማን ይሰጣታል፣ መንገዱስ ሰላም ነው? የቤት ቁጥሩማ ከነጭራሹ ቀልድ ነው፣ ቤት የለኝም የሚል ሰው የቤት ቁጥር ሲጠየቅ። ወረዳ ላይ ያለው ሰራተኛ ክፉ ሆኖ አይደለም፣ ያለ መሸኛ መታወቂያ ከሰጠ ነገ እሱ ነው የሚጠየቀው፣ መታወቂያ ሲሸጥ የተያዘ ስንት ሰው እንዳለ ይታወቃል። መታወቂያ ከሌለህ ባንክ የለም፣ ሲም ካርድ በስምህ የለም፣ በቀን ስራም ቢሆን ዋስ የሚጠይቅህ ይበዛል፣ ከቤተሰብ ተለይተህ ክፍል ልከራይ ብትል አከራይዋ መጀመሪያ የምትጠይቅህ እሱን ነው። ስለዚ ማእከል ሶስት ወር ቆይቶ በደንብ ያገገመ ሰው ሲወጣ የሚጠብቀው ያው በር ነው።

በማእከል ደረጃ ጥሩ ነገር አይቻለሁ ካልኩ ሶስት ልጥቀስ። ምገባ ማእከሎቹ፣ ተስፋ ብርሃን የሚባሉት፣ በየክፍለ ከተማው ተከፍተው በቀን አንዴ ትኩስ ምግብ ይሰጣሉ፣ ሰው ተሰልፎ በክብር ገበታ ላይ ተቀምጦ ይበላል፣ ቡሌ በፌስታል ከመብላት ጋር የሚነፃፀር አይደለም። ፒያሳ አካባቢ ያደገ ሰው ሀሳቡን ያውቀዋል፣ ቸርችል መንገድ አካባቢ ሆፕ ኢንተርፕራይዝስ ለዓመታት የምግብ ኩፖን ይሸጥ ነበር፣ ለለማኝ ብር ከምትሰጥ ኩፖኑን ትሰጠዋለህ፣ ሄዶ ይበላበታል። ሁለተኛ ለነገዋ የሚባለው የሴቶች ማእከል ነው፣ በ2016 ስራ የጀመረ፣ በዓመት 10 ሺህ ሴት እንዲያሰለጥን ታስቦ የተሰራ፣ በተለይ ለሴተኛ አዳሪነትና ለጎዳና ህይወት ለተጋለጡ። ጥሩነቱ ማደሪያ፣ ህክምናና ሙያ አንድ ግቢ ውስጥ መሆናቸው ነው፣ ለህፃን የሚሆን ቦታ ካላሰብክ እናት ስልጠና አትገባም እና እሱን ያሰበ ማእከል ሁሉ ከሌላው ይሻላል። ሶስተኛ መቄዶንያ ነው፣ የመንግስት አይደለም፣ ግን አረጋዊና የአእምሮ ህመምተኛን ከመንገድ ላይ የሚያነሳ ማን ነው ብትሉ መልሱ በአብዛኛው ቢኒያም በለጠና ልጆቹ ናቸው፣ በሺዎች ይዘዋል። በ2017 ሆስፒታልና መኖሪያ ህንፃውን ለማስጨረስ ህዝቡ ቀንና ሌሊት በላይቭ ብር ሲያዋጣ ያየ ሰው ልቡ ይሞላል፣ የኔ ቅሬታ ግን እዛ ነው፣ ከባዱ በሽተኛ የሚድነው በሰው ልግስና እስከሆነ ድረስ የከተማው የጤና ስርዓት ነገሬ ብሎ አይዘውም።

ከዛ የካቲት 2016 የዓድዋ ሙዚየም ተመረቀ፣ ብዙም ሳይቆይ የኮሪደር ልማቱ ፒያሳን ነካ። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ዶሮ ማነቂያም ሌላውም ተነሳ፣ አልጋ ቤቶቹ፣ ጠጅ ቤቶቹ፣ አሮጌዎቹ ባለበረንዳ ቤቶች በብዛት ሄዱ። የቀበሌ ቤት ተከራይ የነበረው ሰው ኮንዶሚኒየም ወይ ሌላ የቀበሌ ቤት ተሰጠው፣ ቦሌ አራብሳና የመሳሰለው፣ ራቅ ቢልም ቤት ነው፣ ከጣሪያ የሚያፈስ ቤት ውስጥ ያደገ ሰው ሽንት ቤቱ ውስጡ ያለ ቤት ሲገባ ደስ አይለውም ማለት አይቻልም። የቀበሌ ቤቱን ጓዳ ከተከራይዋ ላይ የተከራየው ግን ስሙ የትም የለም። ውሉ በአፍ ነው። እቃውን በካርቶን ይዞ ወጣ፣ ኪራይ ፍለጋ ሲገባ የከተማው ኪራይ ሰማይ ነክቷል፣ በዛው ዓመት የወጣው የቤት ኪራይ አዋጅ 1320/2016 አከራይ በዘፈቀደ እንዳይጨምር የሚል ነው፣ ጥሩ ነው፣ ግን ውል ላለው ነው። በዛ ላይ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብር በገበያ ይመራ ተባለና ዘይቱም ሽንኩርቱም ሄደ። አልጋ ቤቶቹ መፍረሳቸው ደሞ ማንም ያልቆጠረው ነገር ነው፣ ቆሻሻ ነበሩ፣ ትኋን ነበረባቸው፣ ግን በሌሊት ሂሳብ የሚከፈልባቸው ብቸኛ ማደሪያ ነበሩ፣ ሊስትሮው፣ ሎተሪ አዟሪው፣ ተሸካሚው እዛ ነበር የሚያድረው። መሀል ከተማ ላይ የእነሱን ቦታ የሚተካ ርካሽና ንፁህ ማደሪያ አልተሰራም። ለኔ ከጠቅላላው ታሪክ ትልቁ ቀዳዳ ይሄ ነው።

የኮሪደሩን ጥቅም አልክድም። መብራቱ፣ ሰፊው እግረኛ መንገድ፣ አዲሶቹ መፀዳጃ ቤቶች፣ የሰላም ሰራዊት ልብስ ለብሰው ማታ የሚቆሙት የሰፈር ሰዎች፣ እስከ ሌሊት የሚከፍተው ካፌ፣ ይሄ ሁሉ ተደምሮ ሴት ልጅ ማታ ብቻዋን የምትሄድበት መንገድ ሰጥቷል። በደንብ ካያችሁት ግን ነጣቂው የሸሸው ከመብራቱና ከሰው ብዛት ነው፣ ካርቶን ላይ የሚተኛው ሰው ስለተነሳ አይደለም። ይሄ ቁም ነገር ነው፣ ምክንያቱም መብራቱ ለፀጥታው ከበቃ የተኛውን ሰው በሌሊት ማባረር ለፀጥታ ነው የሚለው ምክንያት ይወድቃል። የተባረረው ሰው ደሞ አልጠፋም፣ ከዋናው መንገድ ሁለት ቅያስ ገባ በሉ፣ ወደ እሪ በከንቱ ቁልቁል ያልፈረሰው ጋ፣ ወንዝ ዳር፣ አውቶብስ ተራና መርካቶ በኩል፣ ግንባታ ላይ ባለ ህንፃ ስር። ጨለማ ወዳለበት ነው የሄደው። ከሚያውቀው ባለሱቅ፣ ከሚያውቃት ምግብ ቤት፣ ከሚያውቀው ዘበኛ ተለይቶ ነው የሄደው። ሴቶቹን የሚያሰጋው ይሄ ነው፣ ሰው በሚያያቸው ቦታ ማደር መጥፎ ነበር፣ ማንም በማያያቸው ቦታ ማደር ግን የባሰ ነው። በ2017 ካዛንቺስ ሲነሳም ያው ነገር ተደገመ፣ ቤት የነበረው ገላን ጉራ ሄደ፣ ቤት ያልነበረው ወደ ቀጣዩ ያልፈረሰ ሰፈር።

ልጆቹ ላይ የሰራው አካሄድ ቀርፋፋው ነው። እንደ ሪትራክ ያሉ፣ በኋላ ሆፕ ፎር ጀስቲስ የሆነው፣ ልጁን መጀመሪያ ቀን ቀን ገብቶ የሚታጠብበት፣ የሚበላበት፣ ኳስ የሚጫወትበት ቦታ ይሰጡታል፣ ለምን እንደወጣ ይሰሙታል፣ እሺ ሲል አብረውት ሀገሩ ይሄዳሉ፣ ቤተሰቡን ያያሉ፣ ለቤተሰቡ ለበግ ለዶሮ የሚሆን ነገር ያግዛሉ፣ ከዛ ተመልሰው ይጠይቁታል። አባቱ የሚደበድበው ልጅ ከሆነ አያቱ ጋ ወይ አክስቱ ጋ ይሆናል። ውድ ነው፣ በአንዴ ብዙ ልጅ አያነሳም፣ ሪፖርት ላይ ቁጥሩ ትንሽ ነው። በአውቶብስ ጭኖ ዞን ላይ አውርዶ "ከቤተሰብ ተቀላቀለ" የሚል ሪፖርት ግን ቁጥሩ ትልቅ ነው፣ ልጁ ከአውቶብሱ ቀድሞ ይመለሳል። ስንት ሰው ተነሳ የሚለውን ትተን ከዓመት በኋላ ስንቱ ቤት ውስጥ ነው ብለን ብንጠይቅ የብዙ ፕሮጀክት ደረጃ ይገለበጣል።

ወደ ወረቀቱ ልመለስና ልጨርስ፣ አሁን የተከፈተ አንድ በር አለና። ፋይዳ መታወቂያ በአዋጅ 1284/2015 መጥቷል፣ አሻራና አይን ነው የሚወስደው፣ ሰነድ የሌለው ሰው ፋይዳ ያለው ሰው ከመሰከረለት መመዝገብ ይችላል። የነዋሪነት መብት አይሰጥም፣ ማንነትህን ብቻ ነው የሚያረጋግጠው፣ ግን ለመጀመር እሱ በቂ ነው። ምገባ ማእከል ላይ ሰው በየቀኑ በራሱ ፈቃድ እየመጣ ይሰለፋል፣ እዛው አንድ የፋይዳ ማሽን ማስቀመጥ፣ ማእከሉ ራሱ ምስክር እንዲሆን መፍቀድ፣ የሴፍቲኔቱ የጎዳና ክፍል ደሞ ለእነዚህ ሰዎች መሸኛና የቤት ቁጥር መጠየቁን ትቶ በፋይዳ ቁጥር እንዲመዘግብ አንድ መመሪያ ማውጣት፣ ይሄ አስፋልት አያስቆፍርም፣ ቤት አያስፈርስም። የማደሪያው ነገር ይቀራል፣ እሱ ብር ይፈልጋል፣ አራዳ ውስጥ በሌሊት ሂሳብ የሚከፈልበት፣ ሴትና ወንድ የተለየ፣ ሻወር ያለው አንድ ህንፃ በወረዳው ስር ቢከፈት ሊስትሮውም ተሸካሚውም ከፍሎ ያድራል፣ ሲከፍል የኖረ ሰው ነው።